ሚኒሞ ላይ 1.2 ባር የዘይት ግፊት፦ ፓምፑ ሞቷል ወይስ ኮምፒውተሩ ነው የቀነሰው?

የሰሚት ልጅ፦

ሰላም ቤተሰብ። ስለ መኪና ብዙም አላውቅም፣ ብትስቁብኝም ግድ የለም፣ ብቻ መልሱልኝ። 2017 ስሪት፣ ባለ 4 ሲሊንደር ቱርቦ መኪና አለችኝ። ስሟን አልጠራም፣ ወዲያው «እሷንማ ሽጣት» ስለምትሉኝ። ባለፈው ከአርባ ምንጭ ወደ ዶርዜ የሚወስደውን ዳገት ሙሉ ሰው ጭኜ ወጣሁ። መሃል ላይ አንዱ ፎቶ ላንሳ አለና ዳገቱ ላይ እንዳለን፣ ሞተሩን ሳላጠፋ ቆምኩ። ያቺ የዘይት ጠብታ ምስል ያላት ቀይ መብራት ብልጭ አለች። ሁለት ሰከንድም አልቆየች፣ ነዳጅ ነካ ሳደርግ ጠፋች። ከዚያ በኋላ በርታ አታውቅም።

አዲስ አበባ ተመልሼ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ስካነሩን ሰካ። ሞተሩ በደንብ ግሎ የዘይት ግፊቱን ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) 1.2 ባር፣ በደቂቃ 2000 ዙር ላይ ደግሞ 1.8 ባር አሳየ። «ይኸው፣ ፓምፑ አልቆለታል፣ በ2000 ዙር 3 ባር መስጠት ነበረበት» አለኝ። ሁለት ምርጫ ሰጠኝ። ወይ ኮፓው (ከሞተሩ ስር ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ) ወርዶ ፓምፑ ይቀየራል (ዋጋውን ሲነግረኝ መቀመጫ ነው የፈለግኩት)፣ ወይ ለጊዜው 20/50 የሚሉትን ወፍራም ዘይት ሞልተን እናያለን። መጽሐፏ ላይ የተጻፈው ግን ቀጭኑ 5/30 ነው።

አንድ ጓደኛዬ ደግሞ «የሷ ፓምፕ ኤሌክትሮኒክ ነው፣ ግፊቱን የሚወስነው ኮምፒውተሩ ነው፣ ምንም አልሆነችም» ይላል። ግራ ገባኝ። ኤሌክትሮኒክ ማለት በባትሪ ነው የሚሰራው? ደግሞስ ኮምፒውተር ምን ቤት ነው የዘይት ግፊት የሚቀንሰው? ዘይት ለሞተር ደሙ ነው እየተባለ ነው ያደግነው፣ ደም የሚቆጥብ ደግሞ ማነው?

ጋሽ ካቻቢቴ፦

ልጄ፣ እኔ ላዳ ስፈታ ነው ያረጀሁት። የላዳ ዘይት ፓምፕ ሁለት ጥርስና አንድ ሞላ (ስፕሪንግ) ነው፣ በቃ። ሞተሩ ሲዞር ይዞራል፣ ግፊቱ ሲበዛ ሞላው ይገፋና ትርፉ ወደ ኮፓው ይመለሳል። እኛ የምናውቀው ሂሳብ በየ1000 ዙሩ 10 ፒኤስአይ ነበር፣ ወደ 0.7 ባር ማለት ነው። በዚህ ሂሳብ ያንተዋ በ2000 ዙር 1.4 ይበቃታል፣ ስለዚህ መካኒኩ 3 ባር ያለውን ከየት እንዳመጣው አላውቅም። እነዚህ አዳዲሶቹ ግን ሶሌኖይድ የሚሉት ነገር አለባቸው፣ ፓምፑን እያነቀ የሚይዘው እሱ ነው። ሶኬቱን ንቀለው። ግፊቱ ይመለሳል፣ አንተም ሰላምህን ታገኛለህ። ሶማሌ ተራ ስንቱን እንዲህ አድርገን ሸኝተናል።

አሌክሳንድሪያ ማታ ፈረቃ፦

ጋሼ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ግማሹን እስማማለሁ፣ ግማሹን አልስማማም። እኔ ቨርጂኒያ ጋራዥ ውስጥ ነው የምሰራው፣ እንዲህ ዓይነት ፓምፕ ያላቸው መኪኖች በየሳምንቱ ይገቡልናል። ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፣ ሻይ ያዙ።

መጀመሪያ የጠያቂው ወንድማችን ጥያቄ። አይ፣ በባትሪ አይደለም የሚሰራው። ግቢህ ውስጥ ታንከር የሚሞላው ዲናሞ በኤሌክትሪክ ነው የሚዞረው፣ የመኪናህ ፓምፕ ግን ዛሬም የሚዞረው በሞተሩ ነው፣ በክራንክ ሻፍቱ፣ በሰንሰለት ወይም በቺንጋ ወይም በጥርስ። ኤሌክትሮኒክ የሆነው መቆጣጠሪያው ብቻ ነው። በኤሌክትሪክ ሞተር የሚዞር የዘይት ፓምፕም አለ፣ ግን በብዛት የምታየው ሀይብሪድ መኪና ካምቢዮ ውስጥና የትራፊክ መብራት ላይ ሲቆሙ ሞተራቸውን የሚያጠፉ አውቶማቲክ መኪኖች ላይ ነው። ሁለቱን ሰው ሁሌ ያምታታቸዋል።

አሁን «ደም የሚቆጥብ ማነው» ያልከው። የድሮው ፓምፕ የሚሰራው ለክፉ ቀን ታስቦ ነው። ዘይቱ ግሎ እንደ ውሃ ቀጥኖ፣ ሞተሩ አርጅቶ፣ ሚኒሞ ላይ በ700 ዙር እንኳ በቂ እንዲሰጥ ተደርጎ ይለካል። ችግሩ በዚያ ልክ የተሰራ ፓምፕ በ5000 ዙር ሲዞር ሞተሩ ከሚፈልገው በላይ እጅግ ብዙ ዘይት ይቀዳል። ትርፉ ጋሼ እንዳሉት በሞላው በኩል ተመልሶ ኮፓ ይገባል። ማለት ሞተሩ ነዳጅ አቃጥሎ ዘይት ይገፋል፣ ከዚያ የገፋውን ይደፋል፣ ደግሞ ያንኑ ይቀዳል። ሲደፋውም ዘይቱን እያሞቀው ነው። ፋብሪካዎቹ ይህን ብክነት ሲያስቀሩ የሚያተርፉት ነዳጅ ብዙ አይደለም፣ አንድ በመቶ አካባቢ ቢሆን ነው፣ ግን የነዳጅና የጭስ ሕጉ እየጠበቀ ሲመጣ ለአንድ በመቶም ይሞታሉ።

እንዴት ይቀንሰዋል? የብዙዎቹ አዲስ ፓምፕ ውስጡ እንዲህ ነው። አንድ ቀለበት አለ። በቀለበቱ ውስጥ ቀጫጭን ላሜራዎች የተሰኩበት ክብ ነገር ይዞራል፣ ላሜራዎቹ የቀለበቱን ግድግዳ እየነኩ ይሄዳሉ። ዟሪው ከቀለበቱ መሃል ፈንጠር ብሎ ከተቀመጠ በአንድ በኩል ያለው ኪስ እየሰፋ ዘይት ይስባል፣ በሌላው በኩል እየጠበበ ይገፋል። አሁን ቀለበቱን ገፋ አድርገህ ዟሪውን ወደ መሃል ብታመጣውስ? ኪሶቹ በሁሉም ጎን እኩል ይሆናሉ። ይዞራል ግን የሚገፋው ነገር የለም። ሙሉው ጨዋታ ይኸው ነው፣ ቀለበቱን ወዲህና ወዲያ ማንቀሳቀስ። በአንድ ጎን ሞላ ወደ ሙሉ ቅጂ ይገፋዋል፣ በሌላ ጎን የሞተሩ የራሱ ዘይት ግፊት ወደ መቀነስ ይገፋዋል። ሶሌኖይዱ ደግሞ ወደዚያ ጎን የሚሄደውን ዘይት የሚከፍትና የሚዘጋ ትንሽ ባልቦላ ነው፣ አዛዡ ኮምፒውተሩ ነው።

ኮምፒውተሩ በዘፈቀደ አያዝም። የሞተሩን ዙር፣ ጭነቱን፣ የዘይቱን ሙቀትና የግፊት ሴንሰሩን ያያል። አንዳንዱ ዝቅና ከፍ የሚል ሁለት ደረጃ ብቻ ነው ያለው። ለምሳሌ ፎልክስዋገንና አውዲ ላይ የነበረው ኢኤ888 የሚባለው ሞተር ሁለተኛው ትውልድ ዝቅተኛው 1.8 ባር፣ ከፍተኛው 3.3 ባር አካባቢ ነው (የእነሱ ደግሞ ቀለበት የለውም፣ አንዱ ጥርስ ወደ ጎን እየተንሸራተተ ነው የሚቀንሰው፣ ግን ሐሳቡ ያው ነው)። የክራይስለር 3.6 ፔንታስታርም ባለ ሁለት ደረጃ ነው። የ2014ቱ ኮርቬት ይዞት የመጣው ኤልቲ1 ሞተርም እንዲሁ። ቶዮታ በ2019 ራቭ4 ላይ ያስገባው 2.5 ሊትር ሞተር ግን ደረጃ በደረጃ ሳይሆን እንደ ሬዲዮ ድምፅ ቀስ እያለ ነው የሚጨምረውና የሚቀንሰው።

ሌላ የማይታይ ጥቅም አለ። ፒስተኑን ከስር ዘይት እየረጩ የሚያቀዘቅዙት ትናንሽ አፎች የሚከፈቱት ግፊቱ ከፍ ሲል ነው። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ግፊቱ ዝቅ ብሎ ከቆየ እነሱ ተዘግተው ይቆያሉ፣ ፒስተኑም ቶሎ ይሞቃል። ዳገት ላይ ስትረግጠው ደግሞ ኮምፒውተሩ ወደ ከፍተኛው ይወስደዋል፣ አፎቹ ይከፈታሉ።

ስለዚህ በ2000 ዙር የታየው 1.8 ባር ለእኔ የታመመ ፓምፕ አይመስልም። የታዘዘውን የሚሰጥ ፓምፕ ነው የሚመስለው። መብራቷ ግን ሌላ ጉዳይ ናት። ቀይዋ የዘይት መብራት በርታ ሞተር ሳታጠፋ መቆምህ ደግሞ ያስቆጣኛል ወንድሜ፣ ያቺ ስትበራ ሞተር ወዲያው ይጠፋል፣ ፎቶው ይደርሳል። እና አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ መለኪያ ዘንጓን መዞ ዘይቱን ያየ ሰው አለ?

የሰሚት ልጅ፦

ኧረ ስለ ዝርዝሩ እግዜር ይስጥልኝ። ዘይቱን ማንም አላየም። እኔም አላየሁም። አሁን ስታነሳው ነው ያፈርኩት። የ20/50ው ነገርስ? መካኒኩ «ወፍራም ዘይት ግፊት ይጨምራል» ሲል ውሸት አይመስለኝም።

ሻርጃ የመለዋወጫ ተራ፦

እኔ እዚህ አሮጌ ሞተርና መለዋወጫ ወደ አገር ቤት ከሚልኩት ጋር ነው የምውለው። ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ፓምፕ ከመቀየርህ በፊት ኮፓው ሲወርድ ዘይት መሳቢያው ላይ ያለችውን ወንፊት እዩዋት። «ፓምፑ ሞቷል» ተብለው ከመጡት ውስጥ ስንቶቹ ወንፊታቸው በጥቁር አተላና በቀለጠ ሲሊኮን ተደፍኖ ነው ያየሁት። ጓርኒሲዮን (በሁለት ብረት መሃል የሚገባውን ማሸጊያ) ቆጥቦ ሲሊኮን እንደ ቅቤ የሚቀባ መካኒክ ጠላቴ ነው። ሁለተኛ፣ ፎርጂድ ፓምፕ ገበያውን ሞልቶታል። ካርቶኑ ኦሪጅናል ይመስላል፣ ቀለበቱ ግን ተይዞ አይንቀሳቀስም። ደህና ፓምፕ አውጥተህ የማይረባ እንዳታስገባ።

ዘይቱን በተመለከተ እዚህ በበጋ 45 ዲግሪ ነው፣ አየር ማቀዝቀዣ ከፍተው ሚኒሞ ላይ ሰዓታት ይቆማሉ፣ ወፍራም የሚሞላው ብዙ ነው። ምንም ሲሆኑ አላየሁም።

አሌክሳንድሪያ ማታ ፈረቃ፦

ወንፊቷን ማንሳትህ ጥሩ ነው። እኔም ልጨምርበት፣ የአንዳንዶቹ ፓምፕ የሚዞረው ዘይት ውስጥ በተነከረ ቺንጋ ነው፣ ቺንጋው ሲበላ ጎማው እየተቆራረጠ ያቺኑ ወንፊት ይደፍናታል። ፎርድ በ2023 መጨረሻ እዚህ አሜሪካ ውስጥ 1.0 ሊትር ሞተር ያላቸውን ፎከስና ኢኮስፖርት፣ ወደ 140 ሺህ የሚጠጉ፣ በፓምፑ ቺንጋና በመወጠሪያው ምክንያት ለጥገና መልሶ ጠርቷቸዋል። እንዲህ ሲሆን ፓምፑ ራሱ ጤነኛ ነው፣ የሚያዞረው ነው የጠፋው።

ወፍራሙ ዘይት ላይ ግን ልከራከርህ። መጽሐፉ ለሞቃት አገር 5/40 ይፈቀዳል ካለ ሙላ፣ አንዳንዱ ይላል። ከመጽሐፉ ውጪ 20/50 መሙላት ግን ሌላ ነው፣ በተለይ እንዲህ ዓይነት ፓምፕ ላይ። ምክንያቱን ልንገርህ፣ ይህን ብዙ መካኒክ አያስበውም።

ግፊት ማለት የሚያልፈው ዘይት ብዛት አይደለም። ዘይቱ በጠባቡ ቦታ ለማለፍ ሲታገል የሚፈጠረው መጨናነቅ ነው። በድሮው ፓምፕ ወፍራም ዘይት ብትሞላ፣ ፓምፑ ያው በየዙሩ የሚቀዳውን ያህል ይቀዳል፣ ቢያንስ መመለሻው እስኪከፈት ድረስ ዘይቱ በግድ ቤሪንጎቹ (ክራንክ ሻፍቱ የሚዞርባቸው ጠባብ ማረፊያዎች) ውስጥ ያልፋል። በአዲሱ ፓምፕ ግን ዘይቱ ሲወፍር ግፊቱ ቶሎ 1.8 ይደርሳል። ቀለበቱ «በቃ፣ ደርሷል» ብሎ ይቀንሳል። ጌጁ ላይ ያው 1.8 ታያለህ፣ በቤሪንጎቹ የሚያልፈው ዘይት ግን ከበፊቱ ያነሰ ነው። ቁጥሩ አልተቀየረም፣ ሞተሩ ግን ተጠምቷል።

ሞቆ ሚኒሞ ላይ ብቻ ነው ነገሩ የሚለየው። እዚያ ግፊቱ 1.8 ስለማይደርስ ፓምፑ ቀድሞውንም ሙሉ ተከፍቷል፣ ስለዚህ ወፍራም ዘይት የእውነት ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል፣ መብራቷንም ያጠፋታል። መካኒኮች የሚወዱት ለዚህ ነው። ደንበኛው መብራቷ ስትጠፋ ከፍሎ ይሄዳላ። በጥቅምት ብርድ ጠዋት አዲስ አበባ ላይ ስታስነሳው ግን ያ ዘይት ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋ እስኪደርስ ድረስ ከላይ ያለው ብረት ደረቁን ነው የሚፋተገው።

ጋሼ፣ የሶኬቱ ነገር። መንቀሉ ለምርመራ ግሩም ነው። በብዙዎቹ መኪኖች ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ፓምፑ ወደ ከፍተኛው ይሄዳል፣ ሽቦ ቢበጠስ ሞተሩ ዘይት አጥቶ እንዳይሞት ተብሎ የታሰበ ነው። ግን ነቅሎ ለዘላለም መንዳት፣ የሞተር መብራት ይበራል፣ ኮድ ይመዘገባል፣ ከዚያ በኋላ እውነተኛ ችግር ሲመጣ ያችኑ የለመድካትን መብራት እያየህ ታልፋለህ።

ጋሽ ካቻቢቴ፦

ተቆጣኸኝ እንጂ ያልከው ገብቶኛል። ግን ሶኬቱን ነቅሎ መፈተን ስትል ሚኒሞ ላይ ነው ወይስ በዙር?

አሌክሳንድሪያ ማታ ፈረቃ፦

ጋሼ ዋናው ጥያቄ እሱ ነው። ሚኒሞ ላይ አይደለም። ሞቆ ሚኒሞ ላይ ፓምፑ ሙሉ ስለተከፈተ ሶኬቱን ብትነቅሉትም ባትነቅሉትም ቁጥሩ ላይለወጥ ይችላል፣ «ሶሌኖይዱ ተበላሽቷል» ብላችሁ የማይሆን ነገር ትቀይራላችሁ። ከ2000 እስከ 2500 ዙር ላይ አድርጉት።

ከዚያ በፊት ግን የስካነሩን ቁጥር ብቻ አትመኑ። ሴንሰሩ ይፈታና በቦታው ባለ ቀስት የግፊት ጌጅ ይገጠማል፣ የድሮዋ ክብ ጌጅ። ሞተሩ ይሙቅ፣ የራዲያተሩ ማራገቢያ አንዴ ከተነሳ ይበቃል። ሚኒሞ ላይ ያንብቡ፣ 2000 ላይ ያንብቡ፣ ሶኬቱን ነቅለው 2000 ላይ ደግመው ያንብቡ። በመጨረሻው ቁጥሩ ዘሎ 3 ካለፈ ፓምፑም ሶሌኖይዱም ቀለበቱም ይሰራሉ። ካልዘለለ ያኔ ቀለበቱ በአተላ ተይዟል፣ ወይ ሶሌኖይዱ ተደፍኗል፣ ወይ ወንፊቷ ናት፣ ወይ ቤሪንግ አልቋል። ጌጁ ደህና ሆኖ ስካነሩ ብቻ ዝቅ ካለ ሴንሰሩ ነው፤ ሶኬቱ ውስጥ ዘይት ገብቶ ከሆነም እዩት፣ የተለመደ ነው። ኮዱንም ጻፍልን፦ ፒ0524 የግፊት ማነስ ነው፣ ፒ0521 ሴንሰሩ የማይመስል ነገር እያነበበ ነው፣ ፒ06ዲዲ ከሆነ ደግሞ መቆጣጠሪያው ራሱ ነው።

ፉል ቻርጅ፦

ኤሌክትሪክ መኪና ግዛና ተገላገል። መንግስት ራሱ በ2024 የነዳጅ መኪና አይግባ ያለው ለዚህ ነው 😂

ሻርጃ የመለዋወጫ ተራ፦

ለዘይት ፓምፕ ብሎ አይደለም ወንድሜ 😂 የነዳጅ ዶላር ነው። ደግሞ የቴስላ ሞዴል 3 ሞተር ውስጥም የዘይት ፓምፕና ፊልትሮ አለ፣ ያውም የእውነት በኤሌክትሪክ የሚዞር። የትም አታመልጥም።

የሰሚት ልጅ፦

ተመለስኩ። ከሳምንት በኋላ ነው ግን ተመለስኩ። ሌላ ጋራዥ ሄጄ ያችን ክብ ጌጅ የያዘ ልጅ አገኘሁ፣ ይህን ገጽ ከስልኬ ላይ አስነበብኩት፣ መጀመሪያ ፊቱ ተቀያየረ፣ በኋላ ግን ራሱ ጓጓ።

መጀመሪያ መለኪያ ዘንጓ ተመዘዘች። ደረቅ ናት ማለት ይቻላል፣ ጫፏ ላይ ብቻ ትንሽ ነክቷታል። ምልክቱ እስኪደርስ ድረስ አንድ ሊትር ተኩል 5/30 ጠጣች። ከዚያ ሞቃ፣ ጌጁ፦ ሚኒሞ ላይ 1.2፣ በ2000 ዙር 1.8፣ ልክ እንደ ስካነሩ። ሶኬቱን ነቅሎ በ2000 ዙር 3.4። ልጁ ሳቀ፣ እኔም ምን እንደሆነ ሳይገባኝ አብሬው ሳቅኩ። ኮድ የሚባል ነገር የለም። ፓምፑ ጤነኛ ነው አለኝ፣ የጌጁን ብቻ አስከፈለኝ። የ20/50ው ጀሪካን አሁንም የመጀመሪያው ጋራዥ መደርደሪያ ላይ ነው ያለው።

አሌክሳንድሪያ ማታ ፈረቃ፦

አየህ፣ መብራቷ አልዋሸችም። ዘይቱ አንሶ ሳለ ዳገት ላይ አጋድለህ ስትቆም ወደ አንድ ጎን ሸሸ፣ ወንፊቷ ለአፍታ አየር ሳበች፣ ግፊቱ ወረደ። ሜዳ ላይ ሲለካ ደግሞ ወንፊቷ ዘይት ውስጥ ስለሆነች ቁጥሩ ደህና ነው። ለዚያ ነው የመጀመሪያው ጋራዥ የዘይቱ ማነስ ያልታየው። ብቻ አንድ ሊትር ተኩሉ የት ሄደ?

የሰሚት ልጅ፦

እሱን ልጠይቃችሁ ነበር። መሬት ላይ የፈሰሰ የለም። ዘይት ከተቀየረ 7000 ኪሎ ሜትር ሆኗል።

ጋሽ ካቻቢቴ፦

ጠዋት ስታስነሳት ጭሱ ምን ይመስላል? ሰማያዊ ነገር ካለው ዘይት እየተቃጠለ ነው፣ ቱርቦውን ወይ የባልቦላ ጎሚኒውን ጠርጥር። ቱርቦው ላይ የሚገጠመውን የአየር ቱቦ ፈታ አድርገህ ውስጡን በጣትህ አብሰውና ምን እንደወጣ ጻፍልኝ።